ስለ ደወሉ መሥመር ታሪክ፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሕፃናት ልኬት ምሳሌነት

(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

አንድ መንግሥት ሕዝቡን ለመርዳት ከመነሣቱ አስቀድሞ ሕዝቡን ሊያውቅ ይገባዋል፤ ሕዝብን ማወቅም ከመቍጠርና ከመለካት ይጀምራል። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ጽሑፍ፣ የበጀት ጥያቄም ይሁን የእርዳታ እህል ማዘዣ፣ ከበስተኋላው አንድ ቍጥር ይዞ ይመጣል። ቍጥሩን አንብቦ፣ ፈርሞ ወደ በላይ የሚያስተላልፈው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ያ ቍጥር እንዴት እንደ ተገኘና እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ዘወትር ላይጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን የደወል ቅርጽ ስላለው አንድ የቍጥር መሥመር ታሪክ ይሆናል። ሊቃውንቱ መደበኛ ስርጭት ይሉታል፤ በፈረንጆቹ አጠራር ደግሞ ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን ይባላል። መሥመሩ የተገኘው በአውሮፓ የሒሳብ ሊቃውንት እጅ ቢሆንም፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖር ሕፃን እህል ይድረሰው ወይስ አይድረሰው በሚባልበት ሰዓት አብሮ ከሚፈርዱት ዳኞች አንዱ ሆኗል። በዚህ ንግግር ውስጥ የውጭ አገር ታሪክ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ታሪክ ግን ዓመተ ምሕረት እየተባለ በራሳችን አቆጣጠር ይነገራል።

ልኬትና ልዩነት

የዚህን ነገር መሠረት ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ሜትር በገበያችን ከመለመዱ በፊት ጨርቅ የሚለካው በክንድና በስንዝር፣ እህልም የሚሰፈረው በቍና እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ክንድ ማለት ከክርን አንሥቶ እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ስለ ሆነ፣ ለኪው በተለወጠ ቍጥር ልኩም ይለወጣል። ገዥው ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ገበያ ቢወጣ፣ ሻጩም በገዛ ክንዴ ካልሆነ አልሸጥም ቢል፣ ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ በአንድ የገበያ ቀን የተሰበሰቡ 1,000 ጎልማሶች ክንዳቸው በየተራ ቢለካ፣ ለእያንዳንዱም ሰው በልኩ አንጻር አንድ ጠጠር ቢቀመጥ፣ ጠጠሮቹ እንዴት ያለ ክምር ይሠራሉ? አብዛኛው ሰው ረጅምም አጭርም ያልሆነ ክንድ ስላለው፣ ክምሩ ከመካከሉ ከፍ ይላል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሄድን መጠን ቀስ በቀስ እየዝቀዘቀ ይወርድና፣ በጣም አጭርና በጣም ረጅም ክንድ ካላቸው ጥቂት ሰዎች ዘንድ ሲደርስ ይጠፋል። ሁለቱም ጎኖች ይመሳሰላሉ። ከሩቅ ለሚያየው ክምሩ የቤተ ክርስቲያን ደወልን ይመስላል።

የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? የአንድ ሰው ክንድ ርዝመት በአንድ ምክንያት ብቻ አይወሰንም። ከአባት የወረሰው፣ ከእናት የወረሰው፣ በልጅነቱ የጠጣው ወተት፣ ያመመው በሽታ፣ የተሸከመው ሸክም፣ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሸክሙ በብዙ ትንንሽ ምክንያቶች መካከል ሲከፋፈል ከመካከላቸው አንዱም ብቻውን ገዥ አይሆንም። የሚጨምሩትና የሚቀንሱት እርስ በርሳቸው እየተጣፉ አብዛኛውን ሰው ወደ መካከል ይሰበስቡታል፤ ሁሉም በአንድ ወገን የተባበሩበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው። የደወሉ መሥመር ሕግ በአጭሩ ይኸው ነው።

መሥመሩን ያገኙት ሊቃውንት

ይህን ሕግ በመጀመሪያ በሒሳብ የጻፈው አብርሃም ደ ሟቭር የተባለው ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1667 በፈረንሳይ አገር ተወልዶ፣ ፕሮቴስታንት በመሆኑ ከአገሩ ተሰዶ፣ በለንደን ከተማ ሒሳብ በማስተማር የሚኖር ሰው ነበር። አንድ ሳንቲም 100 ጊዜ ቢወረወር 50 ጊዜ ዘውድ፣ 50 ጊዜ ጎፈር ይወጣል ብሎ መገመት ቀላል ነው፤ 60 ጊዜ ዘውድ የመውጣቱን ዕድል ማስላት ግን እጅግ አድካሚ ነበር። ደ ሟቭር በ1733 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ የውርወራው ቍጥር ሲበዛ የዕድሉ ሒሳብ ወደ አንድ ለስላሳ መሥመር እንደሚጠጋ አሳየ። መሥመሩም ያው የደወል ቅርጽ ያለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከጨዋታ ወደ ሰማይ ተሸጋገረ። በ1801 የጥር ወር መባቻ ጁዜፔ ፒያዚ የተባለው ኢጣሊያዊ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ ሴሬስ ተብሎ የተጠራውን አዲስ የሰማይ አካል አየ። ለጥቂት ሳምንታት ከተከታተለው በኋላ ግን ሴሬስ ወደ ፀሐይ ብርሃን ገብቶ ተሰወረ። በዚያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት የነበረው ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ ከነዚያ ጥቂት ልኬቶች ተነሥቶ አካሉ ተመልሶ የሚገኝበትን ስፍራ አሰላ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም እርሱ ባመለከተው አቅራቢያ ተገኘ። ጋውስ በ1809 ባወጣው መጽሐፍ፣ በልኬት ላይ የሚደርሰው ትንንሽ ስሕተት በደወሉ መሥመር እንደሚመራ ጻፈ። ላፕላስ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅም ወዲያው በ1810፣ የብዙ ትንንሽ ምክንያቶች ድምር ወደዚህ መሥመር የሚያዘነብልበትን ምክንያት በሒሳብ አጸና።

መሥመሩን ከከዋክብት ወደ ሰው ያመጣው አዶልፍ ኬትሌ የተባለው ቤልጅጋዊ ነው። በ1846 ባሳተመው ሥራ የ5,738 የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ልክ ተራ በተራ ደርድሮ፣ አማካዩ 40 ኢንች ገደማ መሆኑን፣ ሌላውም በሁለቱ ጎን እንደ ደወል መውረዱን አሳየ። ነገር ግን ኬትሌ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። አማካዩን ሰው እንደ ፍጹም ሰው፣ ከአማካዩ የራቀውን ሁሉ ደግሞ ተፈጥሮ ዒላማውን እንደ ሳተበት ቈጠረው። በከዋክብት ልኬት ላይ ከመካከል የራቀ ቍጥር በእውነት ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ኮከቡ አንድ ሲሆን ልኬቱ ብዙ ነውና። በሰዎች መካከል ግን ሰው ሁሉ በየራሱ እውነተኛ ነው። ከመካከል ርቆ የተገኘ ሰው ስሕተት አይባልም። ይህን ልዩነት አድማጮቻችን በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ወደ አገራችን ሕፃናት ስንመጣ ይጠቅመናልና።

ከሠንጠረዥ እስከ ኮምፒዩተር

መሥመሩን ለመግለጽ ሁለት ቍጥሮች ይበቃሉ። አንደኛው ክምሩ ከፍ የሚልበት ስፍራ፣ ማለት አማካዩ ነው። ሁለተኛው መደበኛ ልይይት ይባላል፤ ይኸውም ሰዎቹ ከአማካዩ በተለመደው ምን ያህል ግራና ቀኝ እንደሚርቁ የሚያመለክት ልክ ነው። ከመቶው ሰው 68ቱ ገደማ ከአማካዩ በአንድ ልይይት ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ በሁለት ልይይት ክልል ውስጥ ደግሞ 95ቱ ገደማ ይገኛሉ። ከአማካዩ በሁለት ልይይት ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ምልክት በታች የሚውለው ከመቶው 2.3 ያህል ብቻ ነው።

በማናቸውም ምልክት በስተግራ ስንት እጅ እንደሚውል ለማወቅ ግን በእጅ ማስላት አድካሚ ስለ ሆነ፣ ክርስቲያን ክራምፕ የተባለው ሊቅ በ1799 የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አወጣ፤ ከዚያም በኋላ ለመቶ ስልሳ ዓመታት ያህል የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ሁሉ የታተመ ሠንጠረዥ ከጠረጴዛው አይለይም ነበር። በ1955 አሜሪካ ውስጥ ራንድ የተባለው ድርጅት ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ በዕጣ የወጡ አንድ ሚሊዮን አኃዞችንና 100,000 በደወሉ ሕግ የተከፋፈሉ ቍጥሮችን የያዘ ነበር። በ1958 ቦክስና ሙለር የተባሉት ሁለት ሊቃውንት ተራ የዕጣ ቍጥሮችን በኤሌክትሮኒክ የሒሳብ መኪና ወደ ደወሉ ሕግ የሚለውጥ አጭር ዘዴ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡ ቀስ በቀስ ወደ መኪናው ሆድ ገባ።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ፣ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በኒውዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ነው። በዚህ ቋንቋ ለደወሉ መሥመር አራት ትእዛዞች አሉ። ዲኖርም የተባለው የመሥመሩን ከፍታ፣ ፒኖርም ከአንድ ምልክት በታች የሚውለውን እጅ፣ ኪውኖርም ያንኑ በግልባጩ፣ ማለት ይህን ያህል እጅ ከበታቹ የሚውልበትን ምልክት ይሰጣል፤ አርኖርም ደግሞ በመሥመሩ ሕግ ቍጥር በዕጣ ያወጣል። ሠራተኛው አማካዩንና መደበኛ ልይይቱን ይነግረዋል፤ ካልነገረው መኪናው አማካዩን ዜሮ፣ ልይይቱን አንድ አድርጎ ይወስዳል።

ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው በዚሁ ቅለት ነው። አንዳንዱ መደበኛ ልይይቱን መስጠት ሲገባው ልይይቱ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘውን ቍጥር ይሰጣል፤ መኪናውም አይከራከረውም፣ የተሳሳተውን መልስ በንጹሕ አኃዝ ይጽፍለታል። ሌላው ደግሞ ከመሥመሩ ጫፍ በላይ ያለውን እጅግ ጥቂት እጅ ለማግኘት ከአንድ ላይ የፒኖርምን መልስ ይቀንሳል። ምልክቱ ዘጠኝ ልይይት ያህል ከራቀ መኪናው ዜሮ ብሎ ይመልሳል፤ እውነተኛው መልስ ግን እጅግ ትንሽ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። መኪናው የያዘው አኃዝ ቍጥር የተወሰነ በመሆኑ ትንሹ በትልቁ ውስጥ ይዋጣል። ለዚህ መድኃኒቱ የላይኛውን ጫፍ በቀጥታ መጠየቅ ነው፤ ትእዛዙም ይህን ይፈቅዳል።

በአገራችን የመቍጠር ሥራ

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት በአገራችን በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመጀመሪያው ጠቅላላ የሕዝብ ቈጠራ በ1976 ዓ.ም. ተደርጎ ሕዝቡ ከ42 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ታወቀ፤ ሁለተኛው በ1987 ዓ.ም.፣ ሦስተኛውም በ1999 ዓ.ም. ተከናወነ። መሥሪያ ቤቱ ስሙ በየጊዜው እየተለወጠ በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተባለ። በሌላ ወገን በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ምክንያት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ስለ ተቋቋመ፣ ረሃብን በወሬ ከመስማት ይልቅ አስቀድሞ በልኬት የማወቅ ሐሳብ እየበረታ ሄደ።

ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ቁመትና ክብደት ለክቷል። በዕድሜያቸው ሊደርሱበት ከሚገባው ቁመት በሁለት ልይይት የወረዱት፣ ማለት የቀነጨሩት ሕፃናት፣ በ1992 ዓ.ም. ከመቶው 58፣ በ1997 ዓ.ም. 51፣ በ2003 ዓ.ም. 44፣ በ2008 ዓ.ም. 38 ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ጥናት የአማራ ክልል ከመቶው 46 ሆኖ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛውን ድርሻ ይዞ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጤናማ በሆነ ሕዝብ ዘንድ ከዚያ ምልክት በታች የሚውለው ከመቶው 2.3 ብቻ ነው ብለናል። በ1997 ዓ.ም. ግን ከመቶው 51 ከምልክቱ በታች ዋሉ። ይህም ማለት ደወሉ በሙሉ ወደ ግራ ተጉዞ፣ መካከለኛው ልጅ ራሱ በመቀንጨር ምልክት ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የጐደለው የጥቂት ድኾች ልጅ ብቻ አልነበረም፤ የትውልዱ መካከል ራሱ ዝቅ ብሎ ነበር። ቍጥሩን እንዲሁ ለሚያነበው 51 የሚል አኃዝ ብቻ ይታየዋል፤ ደወሉን የሚያውቅ ሰው ግን የአገሩን ሕፃናት ሁሉ አንድ ላይ ያያል።

የመለኪያውም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1997 እስከ 2003 በአውሮፓ አቆጣጠር በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 8,440 ጤናማ ሕፃናት አስለክቶ በ1998 ዓ.ም. አዲስ የእድገት መለኪያ አወጣ። በቀድሞው መለኪያ የ1992 ዓ.ም. ጥናት ከመቶው 52 ቀንጭረዋል ብሎ የነበረው፣ በአዲሱ መለኪያ እንደገና ሲሰላ 58 ሆነ። ሕፃናቱ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው መለኪያው ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለት ዘመን ቍጥሮችን የሚያነጻጽር ሠራተኛ መለኪያቸው አንድ መሆኑን አስቀድሞ ይመርምር።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

አሁን ወደ ርእሳችን ስፍራ እንምጣ። ቀድሞ በጌምድር ይባል በነበረው አገር፣ ዛሬ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ብርድና ሙቀት የሚፈራረቁባቸው አገሮች ናቸው። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የእስቴንና የጋይንትን ደጋ ይቆጣጠራል፤ የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ እንደ ስሟ ነፋስ የሚበረታባት ናት። ስማዳ ግን በስተደቡብ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ እየተንደረደረ ይወርዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በጋይንት አልፈው በጨጨሆ መውጣታቸውና ከወራት ድካም በኋላ መድረሳቸው የዚህን አገር ገደልና ዳገት ለሚያውቅ አያስደንቅም።

መሬቱ ብዙ ዘመን የታረሰ፣ አፈሩም በጎርፍ የተጠረገ በመሆኑ፣ ዝናብ በቀረ ቍጥር ችግር ይደርሳል። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ላይ የምግብ እጥረት ሲጠረጠር ለኪዎች መንደር በዕጣ መርጠው ይሄዳሉ። የሕፃኑን ክብደት በሚዛን፣ ቁመቱን በሰሌዳ፣ የክንዱንም ዙሪያ በጥብጣብ ይለካሉ። የልደት ቀን ያልተጻፈለት ሕፃን ሲያጋጥም እናቲቱን ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የፍልሰታ ጾም ገብቶ ነበር ወይስ አልገባም እያሉ በበዓላት ያስታውሷታል። እናት ልጇን በወር ስም ሳይሆን በበዓልና በአዝመራ ትቈጥራለችና፣ ይህ ጥበብ ያለበት አሠራር ነው።

የተገኘው ልኬት ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። በዓለም ዙሪያ ለዚህ ሥራ የሚውለው ስማርት የተባለው የጥናት ሥርዐት በ2002 የተጀመረ ሲሆን፣ ኤና የተባለውን ፕሮግራሙን ዩርገን ኤርሃርትና ፕሮፌሰር ሚካኤል ጎልደን አዘጋጅተውታል። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ሕፃን ክብደት ከቁመቱ ጋር አነጻጽሮ ከመለኪያው አማካይ ስንት ልይይት እንደ ራቀ ያሰላል፤ ከሁለት ልይይት በታች የወረደው ቀጥኗል ይባላል። ከዚያም ፕሮግራሙ ደወሉን ራሱን ይመረምራል። የሰዎች ልዩነት ከአገር አገር ብዙ የማይለዋወጥ ስለ ሆነ፣ የተለኩት ሕፃናት መደበኛ ልይይት ከ0.8 እስከ 1.2 ባለው ውስጥ ሊገኝ ይገባል። ከዚህ ከወጣ ለኪዎቹ ተሳስተዋል፣ ወይም የማይመሳሰሉ ሕዝቦች ተደባልቀዋል ማለት ነው። ቍጥሮቹ በዜሮና በአምስት ላይ ከተከማቹም ለኪው በዐይኑ እየገመተ መጻፉ ይታወቅበታል።

የፍርድ ምልክትና የስሕተት ዋጋ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? ከመቶው 15 ሕፃናት ቀጥነው ከተገኙ ሁኔታው በዓለም የጤና ድርጅት አከፋፈል ከሁሉ የከፋው ደረጃ ላይ ይውላልና ነው። በዚህ ምልክት ላይ እህል ይጫናል ወይም አይጫንም።

የሚከተለው ቍጥር ለትምህርት የተፈጠረ ምሳሌ ነው እንጂ የየትኛውም ወረዳ ውጤት አይደለም። 900 ሕፃናት ተለክተው አማካያቸው ከመለኪያው በ0.8 ልይይት ዝቅ ቢል፣ መደበኛ ልይይታቸውም አንድ ቢሆን፣ ፒኖርምን ብንጠይቀው ከመቶው 11.5 ይለናል፤ ይህም 104 ሕፃናት ነው። አማካዩ ሳይለወጥ ለኪዎቹ ግዴለሾች ሆነው ልይይቱ ወደ 1.2 ቢሰፋ ደግሞ መልሱ ከመቶው 15.9፣ ማለት 143 ሕፃናት ይሆናል። ረሃቡ አልጨመረም፤ የጨመረው የልኬቱ ስሕተት ነው። የሆነ ሆኖ የፍርዱ ምልክት ታልፏል። 30 ሺህ ሕፃናት ባሉበት ወረዳ ይህ ልዩነት 1,300 ሕፃናት ያህል ይሆናል። አንዱ ወረዳ በስሕተት የወሰደው እህል ከሌላው ወረዳ ልጅ አፍ የተወሰደ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ይህን ለማረም አንድ ዘዴ አለ። ፕሮግራሙ የተገኘውን አማካይ ብቻ ወስዶ፣ ልይይቱን አንድ አድርጎ፣ ከምልክቱ በታች የሚውለውን እጅ ከደወሉ መሥመር ያሰላል። የለኪዎች ስሕተት ግራና ቀኝ እኩል በሚጥልበት ጊዜ አማካዩን ብዙ ስለማይነካው ዘዴው መልካም ነው። ነገር ግን በጋይንትና በስማዳ ባለ አገር ላይ ሳይመረምሩ ቢሠሩበት ሌላ አደጋ ያመጣል።

አሁንም በምሳሌ እንናገር። ወረዳው እኩሌታው ደጋ፣ እኩሌታው ቆላ ይሁን። በዚያ ዓመት የአንዱ ክፍል አማካይ በ0.5፣ የሌላው በ1.5 ልይይት ዝቅ ይበል። በመጀመሪያው ክፍል ከመቶው 6.7፣ በሁለተኛው 30.9 ሕፃናት ቀጥነዋል፤ የወረዳው እውነተኛ ውጤት 18.8 ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ አማካዩን አንድ፣ ልይይቱንም አንድ ያደረገ ሠራተኛ ግን 15.9 ብሎ ይጽፋል። ሦስት እጅ ያህል ጐደለ ማለት ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ከሦስት ልጅ አንዱ የቀጠነበት ቀበሌ ከደኅናው ቀበሌ ጋር ተደባልቆ መሰወሩ ነው። ልይይቱ የሰፋው በለኪዎች ስንፍና ነው ወይስ ደጋና ቆላ ስለ ተደባለቁ ነው የሚለውን ጥያቄ መኪናው ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። ጉና ከላይ፣ ዓባይ ከታች እንዳለ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለበት።

ከመካከል የራቀው ሕፃን

በመጨረሻም በኬትሌ ታሪክ ላይ በልባችሁ ያዙልን ወዳልነው ነገር እንመለሳለን። ፕሮግራሙ ከሌሎች ሕፃናት አማካይ ከሦስት ልይይት በላይ የራቀውን ልኬት ምልክት አድርጎበት ከስሌቱ ያወጣዋል። ይህን የሚያደርገው አለምክንያት አይደለም፤ 6.2 ኪሎ ሲል 2.6 ብሎ የጻፈ እጅ ጥናቱን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል። ሆኖም ከዚያ ምልክት በስተኋላ ሕፃን አለ። ምናልባት የጸሐፊው ስሕተት ነው፤ ምናልባትም በቀበሌው ከሁሉ ይልቅ የታመመው ልጅ እርሱ ነው። ከስሌት መውጣቱ ከእርዳታ መውጣት እንዳይሆንበት፣ ደግሞ መለካት ይገባዋል።

እግሩ ያበጠ ሕፃንም እንደዚሁ ነው። በውሃ ምክንያት ክብደቱ የደኅና ልጅ ክብደት ስለሚመስል በደወሉ መሥመር ላይ ከመካከል ይቆማል፤ ሕመሙ ግን ለሞት የሚያደርስ ነው። ስለዚህ እብጠት የታየበት ሕፃን ልኬቱ ምንም ቢሆን ከጽኑ ሕሙማን ጋር እንዲቈጠር ሥርዐቱ ያዝዛል። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ሕፃንም የወረዳው ቍጥር ደኅና ነው ተብሎ ወደ ቤቱ አይመለስም። ደወሉ ስለ ሕዝብ ይናገራል፤ ስለ አንዱ ሕፃን የሚናገረው ሕፃኑን በእጁ የያዘው ሐኪም ነው።

ደግሞም የደወሉ ሕግ በሁሉ ነገር ላይ አይሠራም። የሰው ቁመት ለደወሉ ይታዘዛል፤ የከብት ብዛትና የሀብት መጠን ግን አይታዘዙም። በአንድ መንደር አንዱ ስምንት በሬ ቢኖረው፣ ሰባቱ ምንም ባይኖራቸው፣ አማካዩ በነፍስ ወከፍ አንድ በሬ ነው። በዚህ አማካይ የሚያርስ ገበሬ ግን በመንደሩ ውስጥ አንድም አይገኝም። አማካይ የሚረዳን ክምሩ በእውነት ደወል ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ከማስላት አስቀድሞ የቍጥሩን ክምር በዐይን ማየት የመልካም ሠራተኛ ልማድ ሊሆን ይገባዋል።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ ደ ሟቭር በሳንቲም ውርወራ፣ ጋውስ በጠፋ ኮከብ የደከሙበት ጥበብ ከ200 ዓመት በላይ ተጉዞ በነፋስ መውጫና በስማዳ በሚዛን ላይ ከሚሰቀል ሕፃን ዘንድ ደርሷል። መኪናው ሒሳቡን በዐይን ጥቅሻ ይሠራልናል፤ ሆኖም ኀላፊነቱን አይወስድልንም። ከገጠር የመጣ የቍጥር መግለጫ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ አራት ነገር ጠይቁ፦ በየትኛው መለኪያ ተለካ? ልይይቱ ስንት ነው? ደጋና ቆላው ለየብቻ ተሰልቷልን? ከስሌቱ የወጡት ሕፃናት ስንት ናቸው፣ ማንስ ተመልሶ አያቸው? እነዚህን የጠየቀ የመንግሥት ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሣ ጋይንት ድረስ ሄዶ የተመለሰ ያህል ነው። ሳይጠይቅ የፈረመ ግን ማንን እንደ መገበና ማንን እንዳስራበ አያውቅም።